ለልዋጭ ከመስጠትዎ በፊት፦ በየቤቱ ሳጥን ስላሉ አሮጌ መጻሕፍትና አልባሳት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን አልፎ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያገኛል። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በዚህ መስመር ባሉ ከተሞችም የልዋጭ ነጋዴና የቆራሌው ድምፅ እንግዳ አይደለም። ልዋጩ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ፣ ጆግ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ቆራሌው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና የተሰበረ ብረት ይገዛል፤ ወረቀትና መጽሐፍም ሲያገኝ አይመልስም። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፤ የተጣለውን ዕቃ እንደገና ለአገልግሎት ያበቃል። በአዲስ አበባ መርካቶ ያለው ምን አለሽ ተራ የቆመው በዚሁ ንግድ ነው። ችግሩ ሻጩ ምን እንደሸጠ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

አሮጌ መጽሐፍና አሮጌ ልብስ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች በርካታ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ እንደወረደ ተጽፏል። ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀናት ጨረታ ወጣ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ዛሬ ወደ 350 የሚሆኑ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በለንደን ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ደግሞ የእቴጌ ጥሩወርቅ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። ያ ቀሚስ በዚያን ጊዜ የአንዲት ሴት ልብስ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የዘመኑ ፈትልና ጥልፍ ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ሆኗል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደብዳቤ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ እንዲመለስ አድርገዋል።

ታዲያ በአንድ ገበሬ ወይም የከተማ ነዋሪ ቤት ምን ሊገኝ ይችላል? ወሎ የመጻሕፍት አገር ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የቆየ ወንጌል አለ። በሌላ በኩል እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ብዙ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን፣ እንዲሁም በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችን አፍርተዋል። ዐጀሙን ቤተሰቡ ማንበብ ካልቻለ «ዐረብኛ ነው» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ይረሳል። እንዲህ ያለው ደብተር ግን የአማርኛ ቋንቋ ታሪክ አካል ነው፤ ከብራናው ባልተናነሰ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ብራናን መለየት አያስቸግርም። አብዛኛውን ጊዜ ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል፤ አርእስቱና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎችን በጥንቃቄ ማየት ይጠቅማል። የጸሐፊው ስም፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው፣ የመሬት ስጦታና የውል ማስታወሻ የሚገኘው እዚያ ነው። የባለቤቱ ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ከተጻፈበት መጽሐፉ ከቦታው ተሰርቆ የወጣ ሊሆን ይችላል።

የታተሙትም ቢሆኑ ቸል የሚባሉ አይደሉም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የወጡ መጻሕፍቱ ዛሬ ብርቅ ናቸው። የፍቅር እስከ መቃብር የመጀመሪያ እትም የ1958 ዓ.ም. ነው። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ በመሰብሰቡ የዚያን ጊዜ እትም ያለው ሰው በኪሎ ሊሸጠው አይገባም።

ልብስን በተመለከተ ክሩን ማየት ነው። በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው እኩል ነው። በቅርብ ዘመን ሸማ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ድሩም ማጉም ፈትል የሆነ ኩታ፣ ቡሉኮ ወይም ጥልፍ ቀሚስ ሲገኝ ዕድሜውን አያቶችን መጠየቅ ይገባል። የሚያስገርመው ነገር፣ ብዙዎቻችን የአያታችንን ፈትል ለሳፋ ሰጥተን፣ ለንግድ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለውን ልባሽ ጨርቅ ሰልቫጅ ብለን በገንዘብ እንገዛለን።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ባለይዞታው የመጠበቅና የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። አንዳንድ ሰው «ካስመዘገብኩ ይወስዱብኛል» ብሎ ይሰጋል። ምዝገባ ግን ዕቃውን ከባለቤቱ የሚነጥቅ አይደለም፤ ቢሰረቅ እንኳ የማን እንደነበር የሚያስረዳ ማስረጃ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊሄድ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ መጽሐፉን ከጭስ፣ ከምስጥና ከአይጥ ማራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል። የተቀደደ ገጽን በፕላስተር መለጠፍ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ማጣበቂያው ቆይቶ ወረቀቱን ያቢጫል። ብራናን ዘይት መቀባት ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይገባም። አሮጌ ጥልፍ በሳሙና አይታጠብ፤ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ሲታጠፍም በየጊዜው የእጥፉን ቦታ መቀየር ክሩ እንዳይበጠስ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርፀዋል። ያኔ ልዩ ካሜራና ባለሙያ የጠየቀው ሥራ ዛሬ በመጠኑ በእጅ ስልክ ይቻላል። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ መጽሐፉን በኃይል ሳይዘረጉ ገጽ በገጽ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ከማን እንደተወረሰ፣ ማን እንደጻፈው ወይም እንደፈተለው፣ ለየትኛው ሠርግ ወይም በዓል እንደተለበሰ ከቤተሰቡ ሽማግሌ ጠይቆ በተለየ ወረቀት መጻፍና ከዕቃው ጋር ማኖር ይቻላል።