ተጨማሪ መረጃ፦ ቁልፉ ትክክል ሆኖ ምስጢሩ የማይፈታው ለምንድን ነው?

ብራውዘር ላይ በጃቫስክሪፕት የተመሰጠረ መልእክት ሰርቨር ላይ ጃቫስክሪፕትን በሚያስኬደው በኖድ ሲፈታ፣ ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስህተት ሊያሳይ ይችላል። አንዱ ምክንያት ኤኢኤስ-ጂሲኤም የተባለው የምስጠራ ስልት የሚያወጣው የማረጋገጫ መለያ ነው። ይህ መለያ፣ እንደ ፖስታ ማኅተም፣ መልእክቱ በመንገድ ላይ በማንም አለመነካቱን ያሳያል። የብራውዘሩ የምስጠራ መሣሪያ የሆነው ዌብ ክሪፕቶ ብዙውን ጊዜ 16 ባይት የሚሆነውን መለያ ከተመሰጠረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል። የኖድ ነባሩ የክሪፕቶ ሞጁል ግን መለያውን ለብቻው ይሰጣል፤ ሲፈታም ለብቻው ይጠይቃል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 16 ባይቶች ለይቶ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ምስጠራውን ከሥር ሆነው የሚሠሩት ላይብረሪዎችም አንድ አይደሉም። ኖድ በኦፕንኤስኤስኤል፣ እንደ ኖድ ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬዱት በን እና ኤሌክትሮን ደግሞ በቦሪንግኤስኤስኤል ይሠራሉ። የላይብረሪው እትም ሲቀየርም ችግር ይፈጠራል፦ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖድ 17 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ሲሸጋገር፣ ኤምዲ4 የተባለውን አሮጌ የሀሽ ስልት ይጠቀም የነበረው፣ የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን የሚያጠቃልለው ዌብፓክ 4 የተባለ መሣሪያ በስህተት ይቆም ጀመር።

ፕሮግራማችሁ ብራውዘርም ሰርቨርም ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ኖድም የሚደግፈውን ዌብ ክሪፕቶን በሁለቱም በኩል ተጠቀሙ።