የነሐስ ዘቦች

«የነሐስ ዘቦች»፣ በጣልያንኛ ስሙ «ሰንቲኔሌ ዲ ብሮንዞ»፣ በሮሞሎ ማርቸሊኒ ተዘጋጅቶ በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣ የጣልያን የጦርነት ፊልም ነው። የተቀረጸው በጣልያን ሶማሊያ ነው። ታሪኩ ዱባት ስለተባሉት የሶማሌ ጠረፍ ጠባቂዎች ሲሆን ፍቅርም አለበት። ፎስኮ ጃኬቲ መሪ ተዋናይ ነው። ብዙዎቹ ተዋንያን የአገሩ ሰዎች ቢሆኑም፣ ሶማሊያዊቷን ዳሃቦን ሆና የተጫወተችው ግን ቆዳዋን በቀለም ያጠቆረችው ጣልያናዊት ዶሪስ ዱራንቲ ነበረች።

ዘመኑ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን የተደረገው የወልወል ግጭት ጊዜ ነው። ፊልሙ ዱባቶቹን የጣልያንን ጠረፍ ከጥቃት የሚከላከሉ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ወልወል ግን በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ጣልያኖች በ1930 እ.ኤ.አ. ገብተው በውኃ ጉድጓዶቿ አጠገብ ምሽግ ሠሩ። ሙሶሊኒ ግጭቱን ለወረራው ሰበብ አደረገው። ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ነበረች።