መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት ለምን ይቋረጣል?

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ደጋ ላይ የምትገኘው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም ይገኝባታል። በእንዲህ ያለ ከተማ የኔትወርክ መጥፋት ከመዝናኛ መስተጓጎል ያለፈ ጉዳት አለው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ፣ የነዳጅ ግብይትም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲፈጸም ከተደረገ በኋላ ግብይት ራሱ በኔትወርክ ላይ ተንጠልጥሏል። ለጀኔሬተር የሚሆን ናፍጣ ለመግዛትም ኔትወርክ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የሞባይል ማማ እንደማንኛውም ቤት የኤሌክትሪክ ኃይል ተጠቃሚ ነው። መብራት ሲቋረጥ በአብዛኛው 48 ቮልት የሆኑ ባትሪዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ይሸከሙታል፤ ከዚያ በኋላ ጀኔሬተር ከሌለ ወይም ነዳጁ ካለቀ ጣቢያው ይዘጋል። በተራራማ አካባቢ ደግሞ ማማዎች መረጃን በማይክሮዌቭ እየተቀባበሉ ስለሚያስተላልፉ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ያለው ጣቢያ ሲዘጋ ከእርሱ ወዲያ ያሉት ባትሪያቸው ሳያልቅ ከአገልግሎት ውጪ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፍጥነቱም የሚቀንሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ማማ አቅም ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ጎረቤት ማማ ሲዘጋና የቤት ዋይፋይ ሲጠፋ ሸክሙ በሙሉ በቀረው ላይ ያርፋል። ኃይል ለመቆጠብ አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ቀድሞ የሚዘጋበት አሠራርም አለ። ልዩነቱን ለማየት ያህል፣ 5 ሜጋ ባይት የሆነ ሰነድ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር በ4 ሴኮንድ ሲወርድ፣ በሴኮንድ 200 ኪሎ ቢት ብቻ በሚያስተላልፈው የሁለተኛው ትውልድ መስመር ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። (አንድ ባይት 8 ቢት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በማስታወቂያ ላይ የሚነገረው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በቢት ነው።)

በቤት በኩል ያለው መፍትሔ ግን ከሚታሰበው ይቀላል። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራና ከ10 ዋት የማይበልጥ ኃይል የሚጠቀም ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ አነስተኛ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ማድረግ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፣ በግማሹ ብቻ ራውተሩን ለ4 ሰዓት ያህል ማሠራት ይቻላል። ለኮምፒዩተር የተሠራ ዩፒኤስ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ቀይሮ ራውተሩ እንደገና ወደ 12 ስለሚመልሰው ብክነት አለበት፤ ስለዚህ በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጠውን መምረጥ ያዋጣል። ነባሩ የመዳብ መስመር ስልክ ኃይሉን ከጣቢያው ያገኝ ነበር። የፋይበር ደንበኛ ግን ከራውተሩ በተጨማሪ ፋይበሩን የሚቀበለውን ሳጥንም በባትሪው ላይ ማገናኘት ይኖርበታል፤ ይህ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው።

ማማው ራሱ ከተዘጋ ግን የቤት ባትሪ በሞባይል ኔትወርክ ለሚሠራ ራውተር አይፈይድም። የድምፅ አገልግሎት ብቻ ከቀረም ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት በ*127# መጠቀም ይቻላል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ወቅት መሣሪያዎችን ከሶኬት መንቀል፣ መብራት ሲመለስም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ተገቢ ነው።