ጨው ወዳድ ረቂቅ ሕዋሳት በቆዳና በሌጦ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት

ጨው በሚገባ የተነሰነሰበት ቆዳ ከብልሽት ፈጽሞ የዳነ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመጋዘን ሰንብቶ ሲገለጥ በሥጋው በኩል ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነጠብጣብ የታየበት እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ የጨው ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ከራሱ ከጨው ውስጥ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ሕይወት የለበትም በሚባል ስፍራ እንኳ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ባሉት በስቫልባርድ ደሴቶች፣ ፊዮርድ በሚባሉትና ባሕር በተራሮች መካከል በገባባቸው ጠባብ ሰርጦች ሥር እጅግ የቀዘቀዘ ጭቃ አለ። ሊቃውንት ከዚሁ ጭቃ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1999 ያስታወቋቸው ባክቴሪያዎች ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ በሆነ ብርድ ያድጋሉ፤ አየር በሌለበትም በባሕሩ ውሃ ያለውን ሰልፌት እየተጠቀሙ ይኖራሉ። ብርድ እነዚያን እንዳላገዳቸው ሁሉ፣ ጨውም የማያግዳቸው ሌሎች አሉ።

ከራያ ቆላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ ሐይቅ ዳር፣ ጨዋማው ውሃ በኩሬ ተገድቦ በፀሐይ ይደርቃል። በፀሐይ ጨው በሚመረትበት ኩሬ ሁሉ ውሃው እየከበደ ሲሄድ ተራዎቹ ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፤ ጨው ወዳዶቹ ግን ይበዛሉ፤ ከብዛታቸውም የተነሣ ውሃው ቀይ ይመስላል። ጨው ሲረጋ በፍሬው ውስጥ በቀረች ጠብታ ታስረው ብዙ ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ። (የሳይንስ ሰዎች እነዚህን ከባክቴሪያ ለይተው አርኬያ ይሏቸዋል፤ ለቆዳ ነጋዴ ግን ልዩነቱ ብዙም አይረባውም።)

ከታረደ ከብት የተገፈፈ ቆዳ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ጨው ይህን ውሃ ስቦ ስለሚያወጣ የሚያበሰብሱት ተራ ሕዋሳት ሥራቸውን ያቆማሉ። ጨው ወዳዶቹ ግን ለመኖር ከመቶ 15 እጅ ያላነሰ ጨው ስለሚሹ፣ በጨው የታሸ ቆዳ የተመቸ ማደሪያቸው ነው። የሚጎድላቸው ሙቀት ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ እጅግ ይፋጠናሉ። በደጋ ቀዝቃዛ ቤት ብዙ የማያስቸግረው ነገር በቆቦ ሜዳ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተከመረውን ቆዳ የሚያጠቃው በዚህ ምክንያት ነው። ሕዋሳቱ ቆዳው የተሠራበትን ፕሮቲን ይበላሉ፤ ቆይታው ከረዘመም ጉዳቱ እስከ ጠጉሩ ገጽ ይዘልቃል። ቆዳው ኮምቦልቻ ወይም ሞጆ ፋብሪካ ደርሶ ጠጉሩ ሲነሣ ፊቱ ተበልቶ ይገኛል፤ ደረጃውና ዋጋውም ይወድቃል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ክምሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ይቀመጥ፤ ሳይዘገይም ይጫን። ከሁሉ የከፋው ልማድ ከቀድሞው ቆዳ ላይ የረገፈውን ጨው ሰብስቦ ለአዲሱ መነስነስ ነው፤ ሕዋሳቱ በዚያ ጨው ውስጥ ተራብተው ይጠብቃሉና። ይህ ጨው ተጠርጎ ከመጋዘኑ ይወጣል፤ ወለሉም አዲስ ቆዳ ከመግባቱ በፊት ይታጠባል።