ቀና ብሎ መንዳት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት የመርሳን ከተማ መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሳይክል የሚነዳ ሰው ከኋላው ሲኖትራክ፣ ከጎኑ ባጃጅ፣ ከፊቱ አህያ አይጠፋበትም። አንገቱን ደፍቶ የፊት ጎማውን እያየ የሚሄድ ከሆነ ከእነዚህ ሁሉ የሚታየው አህያዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከደረሰባት በኋላ።

ጎንበስ ማለት ለተወዳዳሪ ጥቅም አለው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የሳይክል ውድድር የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ጀርባውን ያጎነብስ የነበረው ነፋስ እንዳይይዘው ነው። ገበያ ለሚሄድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ግን ነፋሱ ያን ያህል ባላንጣው አይደለም። የድሮው የቻይና ፎኒክስ ሳይክል ይህን ያውቅ ነበር፤ መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ ኮርቻውም ሰፊና ባለስፕሪንግ ነው። ዛሬ በብዛት የምናየው ማውንቴን ሳይክል ግን ቀጥ ያለ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የራቀ መሪ ይዞ ይመጣል። ተገዝቶ እንደመጣ ይነዳል፤ ወገብና አንገት ሲያምም ጥፋቱ የዕድሜ ይመስላል።

መሪውን ለማስተካከል የሚቸኩል ሰው ከኮርቻው ቢጀምር ይሻለዋል፤ የመሪው ከፍታ የሚለካው ከኮርቻው ነውና። ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡበት። ፔዳሉን እስከ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ ጉልበትዎ ሙሉ ለሙሉ ከተዘረጋ፣ ዳሌዎም ወደ ጎን ካላዘመመ ከፍታው ልክ ነው። ሲነዱ የሚረግጡት በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሆነ ያኔ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል። ብዙ ሰው ቁጭ ባለበት ሁለት እግሩ መሬት እንዲረግጥለት ኮርቻውን ወደ ታች ይሰደዋል፤ የጉልበት ሕመም የሚገዛው በዚህ ነው። ትራፊክ የሚያስፈራው ጀማሪ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ ግን አልፈርድበትም። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት እየተንሸራተተ ክብደቱን እጅ ላይ ይጥላል፤ ስለዚህ ደልደል ብሎ ይቀመጥ።

አሁን ወደ መሪው። በፎኒክስና በመሰሎቹ መሪውን የተሸከመው አንገት ወደ ሳይክሉ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ከታች ጫፉ ላይ ያለች ሰያፍ ሽብልቅ ከላይ በረጅም ብሎን ስትሳብ ቱቦውን ወጥራ ትይዘዋለች። ብሎኑን አላልተው አንገቱ ንቅንቅ ካላለ በጉልበት አይታገሉት። ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ይፍቱና ጭንቅላቱ ላይ እንጨት አድርገው በመዶሻ መታ ያድርጉት፤ ሽብልቋ ጧ ብላ ትለቃለች፣ መሪውም ወዲያው ይላላል። ከኮርቻው እኩል አድርጎ መጀመር፣ ከዚያ እየሞከሩ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ማስበለጥ ነው። አንገቱ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መስመር ከታየ ግን ከልክ አልፏል። መስመር ከሌለው ቢያንስ ሰባት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቅር፤ መሪ በጉዞ ላይ ሲነቀል የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል።

ፍሬኑ በዘንግ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ይከተላል። መሪው ከፍ ሲል ዘንጉን አብሮ ወደ ላይ ይስበዋል፣ የፍሬኑ ጎማም ከቸርኬው ጋር ይጣበቃል። ዘንጉን የያዘችውን ብሎን አላልቶ እንደገና ማስተካከል የግድ ነው። ባለ ካቦ ከሆነም መሪውን ወደ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው ይዩ፤ ካቦው ከተወጠረ ረዘም ባለ ይቀየር።

በአዲሶቹ ማውንቴኖች አንገቱ ቱቦውን ከውጭ አቅፎ ነው የሚይዘው። እዚያ ከላይ ያለችውን ብሎን ፈትቶ መሪው ከፍ ይልልኛል ብሎ የሚጠብቅ ይደክማል። ያለው አማራጭ ከአንገቱ በላይ የቀሩ ቀለበቶች ካሉ ወደ ታች ማውረድ፣ ወደ ላይ የቀና አንገት መግጠም ወይም ማስረዘሚያ መጨመር ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም በፊት ወደ ኋላ የተቆለመመ መሪ እፈልጋለሁ፤ ከፍታም ቅርበትም ባንድ ጊዜ ያመጣል። ሲገዙ የመሀል ውፍረቱን ይለኩ፤ አንዳንዱ 25.4፣ አንዳንዱ 31.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንዱ ባንዱ ቦታ አይገባም።

መሪው በልኩ መሆኑን የሚናገረው እጅ ነው። ክርን በመጠኑ የታጠፈ፣ የእጅ አንጓም ያልተሰበረ ይሁን። ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው ከደነዘዙ መዳፍ ውስጥ ባለው ነርቭ ላይ ጫና አርፏል፤ መሪው ገና ዝቅ ያለ ወይም የራቀ ነው።

ቀና ማለት ግን ዋጋ አለው። ከእጅ የተነሳው ክብደት መቀመጫ ላይ ይወርዳል፤ ጎንበስ ለሚል ነጂ የተሠራች ጠባብ ኮርቻ ያኔ ትቆረቁራለች። ሰፋ ባለች ይቀይሯት፤ እንደ ትራስ የምትሰጥመውን ግን አልመክርም፣ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ጠንከር ያለ ነገር ላይ ማረፍ ይፈልጋሉ። ዳገትም አለ። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በወልድያ መንገድ ያለችው ሲሪንቃ 1850 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መግፋት ያደክማል፤ ክርንን አጥፎ ደረትን ወደ መሪው ማስጠጋት፣ ማርሽ ከሌለውም ወርዶ እየገፉ መሄድ ነው። መሪውን ካስተካከሉ በኋላ ግን ከመነሳትዎ በፊት የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበትዎ አጣብቀው መሪውን ጠምዘዝ ያድርጉት፤ ጎማው ቆሞ መሪው ብቻውን ከዞረ ብሎኑ ገና አልጠበቀም።