የአንድ ሰዓት በረራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በቡሬ ገጠር ማንበብና መጻፍ ከማስተምራቸው መካከል አንድ አባት አሉ። ባለፈው ዓመት ልጃቸው አዲስ አበባ ታመመባቸው። ቶሎ እንዲደርሱ ዘመድ ከባሕር ዳር የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠላቸው። ትኬቱን ራሳቸው አነበቡት፤ 7:00 ይላል። ከቀኑ 7 ሰዓት መስሏቸው በ5 ሰዓት ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን ከሄደ 4 ሰዓት ሆኖታል! ልጃቸውን ሳያዩ ሌሊቱን ባሕር ዳር አደሩ።

«ቁጥሩን በትክክል አንብቤአለሁ፤ ታዲያ ምኑን ነው የሳትሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ለሁላችንም ይጠቅማልና እነሆ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በውጭ አገር አቆጣጠር ነው። ያ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እኛ የቀኑን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለቀን በረራ 6 እንቀንስ። ከ7 ላይ 6 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ ከጧቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። 14:00 ቢል ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። ከባሕር ዳር በቡሬ በኩል አዲስ አበባ ድረስ የመኪናው መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ይዞራል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። አውሮፕላን ግን ገደል አያዞረውም። በአየር ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን በ33 ደቂቃ ይጨርሳል ማለት ነው። ታዲያ ለምን 1 ሰዓት ያህል ይባላል? አውሮፕላን እንደ ተነሣ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። መጀመሪያ መሬት ላይ ይንደረደራል፤ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ሊያርፍ ሲልም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሬስ ቢሆን ከበረት ወጥቶ፣ ተጠምዶ አይደል ትልም የሚጀምረው?

ለቡሬ ሰው ሌላም ሒሳብ አለ። አዲስ አበባ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 3 ሰዓት ይፈጃል። አውሮፕላን ማረፊያው ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበጃል። በረራውን ስንጨምር በጠቅላላው 6 ሰዓት ይሆናል። ከቡሬ በቀጥታ በአውቶቡስ ቢሄድ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በዚያው ፍጥነት ከ8 ሰዓት በላይ ነው። እንግዲህ ትርፉ ከ2 ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ስለዚህ ትኬት ስንይዝ ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ እንቁጠር። በረራው ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር እንገኝ፤ ከቡሬም ቢዘገይ ከጧቱ 3 ሰዓት እንነሣ። መኪና ሊበላሽ ይችላልና በ2 ሰዓት መነሣት ይሻላል።

የእኒያ አባት ልጅ ዛሬ ድኗል። እሳቸውም በቀደም የጎረቤታቸውን ትኬት ተቀብለው አዩ፤ 6 ቀነሱና «አንተ፣ በሌሊት ተነሥ!» አሉት።