አሮጌው ላንድሮቨራችን ክላሲክ ሊሆን ይችላልን?



በግቢያችን ውስጥ ከጎተራው አጠገብ የአያቴ ላንድሮቨር ቆሞአል። በደኅናው ዘመን ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል ገብስና ሰው ይጭን ነበር። ዘንድሮ አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ልግዛው አለ። ማድ ቤታችን ስለሚያፈስ፣ አባቴ በገንዘቡ የክዳን ቆርቆሮ ሊገዙበት አሰቡ። እኔ «በውጭ አገር እንዲህ ያለው መኪና ክላሲክ ተብሎ በክብር ይያዛል» ብል «ክላሲክ ማለት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያረጀ መኪና ሁሉ ክላሲክ አይደለም። በ1966 የተቋቋመው የጥንታዊ መኪናዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት መኪናው ዕድሜው ከ30 ዓመት ያላነሰ፣ እንደ ጥንቱ ሆኖ የተጠበቀና ለዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ነገር አስገረመኝ። በእኛ አገር መኪና ሥራ የሚፈታው ጨርሶ እምቢ ሲል ብቻ ነውና።

ላንድሮቨር ለዚህ ማዕርግ የሚያበቃ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ1948 በአምስተርዳም ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ችግር ስለ ነበረ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ለገበሬም ስለ ታሰበ ሞተሩ የእርሻ መሣሪያ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጎ ነበር። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነውና ይዝጋል። (ነጋዴውም አካሉን የፈለገው ለድስት መሥሪያ ሳይሆን አይቀርም።) የዚያ መኪና ወራሽ የሆነው የቀድሞው ዲፌንደር በ2016 መሠራቱ ቆመ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ራሱ ከመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች 25ቱን አድሶ ለመሸጥ ተነሣ። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ባለ 40 ቁጥር ላንድክሩዘርም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋል። ስለ ሩስያው ዋዝ ግን የሚከራከርልኝ ሰው አላገኘሁም።

የላንድሮቨሩን ዓይነት ለመለየት የፊት መብራቱን ማየት ነው። መብራቶቹ በመካከል ተጠጋግተው ከሆነ የቀድሞው ነው። ወደ ፓራፋንጎው ከተዛወሩና የፊቱ ፍርግርግ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሦስተኛው ዓይነት ነው። የእኛም ይኸው ነው።

እንግዲህ ዕድሜው ይበቃል፤ መንገድ ከተወም ቆይቶአል። ችግሩ «እንደ ጥንቱ» የሚለው ነው። ዋናው ሞተር ሲደክም አያቴ የቶዮታ ሞተር አስገብተውበታል። ባያስገቡ ኖሮ ዳገቱን ባልወጣ፣ እስከ ዛሬም ባልቆየ ነበር። ያቆየው ነገር ማዕርጉን ከለከለው፤ ይህ ፍርድ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። ለአባቴ የሰጠሁት መልስ፣ ዓይነቱ ክላሲክ ሆኖአል፣ የእኛው ግን የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ተስማምቶ የጥንቱ ሞተር ከተገኘለት ነው የሚል ነው።

አባቴ እስከ መስከረም ሊታገሡኝ ተስማምተዋል። በዚህ ክረምትም ማድ ቤቱ ማፍሰሱ አይቀርም። የሻንሲው ቁጥር ዝገቱን ስፍቅለት ታየኝ፤ ሊብሬውን ግን በአያቴ ሣጥን ውስጥ ገና እየፈለግሁ ነው።